ሰባ ስድስት በመቶ

ሻርጃ፣ ከሮላ ኋላ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ነው፤
የኤሲው ጠብታ ባልዲ የሚሞላው፣
በባሕሩ ወበቅ መስኮቱን ላብ ላብ የሚለው።
ሥራዬ ደሞዝ ነው።
የአርባ አንድ ሺህ ሰው።

ወር ሲያልቅ፣ ሌሊት ላይ፣ ፋይሉ ይገባል፤
ሰርቨሩ ስም በስም፣ ረድፍ በረድፍ ያነባል፤
ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት፣ አንዳንዴም ይነጋል።

ድሮ በገጹ ላይ የነበረች ምልክት
አንዲት ክብ ነበረች፤ መዞር ብቻ ያላት።
የአውድማ በሬ እንኳ ዞሮ ዞሮ ዞሮ
ያወጣል ፍሬውን ከገለባው መንጥሮ፤
እሷ ግን ትዞራለች፣
ምን እንዳበራየች ለማንም ሳትነግር፤
በርትታ ይሁን ሞታ አይታወቅ ነገር።

ኩንጁሞን፣ ሒሳብ ሹሙ፣ የኬራላው ሰው፣
መጠበቅ ሲያታክተው
ቁልፉን ደግሞ ይጫናል፤ ደግሞ፤ ይሄ ስንተኛው ነው?
በሰኔ አንድ ሌሊት ሦስቴ ነካካና
ያንዱ ካምፕ ደሞዝ ሦስቴ ወጣና
ሁለቱን ስናስመልስ ከረምን በልመና።

ስለዚህ እንዲህ አልኩ፦ ሥራው ወረፋ ይያዝ፣ ቁጥር ይሰጠው፣
ገጹ «ደረሰ ወይ?» እያለ አይነዝንዘው፤
አንድ ቀጭን መስመር ተከፍቶ ይደር፤
ሰርቨሩ ራሱ፣ ሲያልፍ፣ ይናገር፤
«ይህን ጨረስኩ» ይበል፤ «ይህንንም» ይበል፤
አረንጓዴው በዚያ ልክ ይዘርጋ፣ ያለዚያ አይቀጥል።

አለቃዬ ሐቲም ሳቀ። «መጀመሪያ ላይ ይሩጥ፤
ሰው የሚሮጥ ነገር ካየ ዝም ይላል» አለኝ።
እዋሻለሁ እንዴ? አንድ ወር ሰማሁት።
አረንጓዴው በዐይን ጥቅሻ ዘጠና ዘጠኝ ገባና
እዚያው ተኛ፣ እስኪነጋ።
ዘጠና ዘጠኝ ምንድን ነው? የቀበሌ «ነገ ና»።
አጠፋሁት።

ዛሬ እውነተኛው ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ጦይባ መጣች፣ የወራቤ ልጅ፣ መወልወያዋን ይዛ፣
ቆመች ከጀርባዬ፣ በእንጨቱ ተመርኩዛ።
«ይሄ አረንጓዴው ምንድን ነው?»
«ደሞዝ እየቆጠረ ነው።»
«የኔም እዚህ አለ?»
የጽዳት ድርጅቷን ፈለግሁ። አለ።
ገና ነው፣ ወደ ታች፣ ከሠላሳ አምስት ሺህ ባሻገር።
አርባ አንድ ሺህ፣ እስከዚያ ሰዓት፣ ለኔ ቁጥር ነበር።

ሰባ አራት። ሰባ አምስት።
ሰባ ስድስት።
ሰባ ስድስት።

«ቆመ?» አለችኝ።
«ቆመ።»
የአንድ ግንበኛ ስም ነው፤ በስሙ መሐል ያለች ጭረት
ማሽኑ ጉሮሮ ላይ ቀረች፣ እንደ ዓሣ አጥንት።
ቀድሞ ቢሆን ክቧን አዞርባቸው ነበር።
አሁን ከአረንጓዴው ሥር ጻፍኩ፦
«ቆሟል። ምክንያቱን እያየን ነው።»
አፈርኩ፣ ስጽፈው።

ጦይባ ግን፦ «ተወው፤
መቆሙን ማወቅ ደግ ነው።
የኔን ፓስፖርት፣ ኤጀንሲው አራት ወር ‹መንገድ ላይ ነው› ሲለኝ
መሳቢያ ውስጥ ነበር፤
ሻይ የማስቀምጥላቸው ጠረጴዛ መሳቢያ።»

ጭረቷን አስተካከልኩ። ረድፉ አለፈ።
ሰባ ሰባት።
እሷም የኤሲውን ባልዲ አንስታ ወጣች፣ ልትደፋ።
ከኮሪደሩ ጫፍ፦ «ስንት ደረሰ?»
«ሰማንያ!»
ውኃው ሲፈስ ሰማሁ። «አሁንስ?»
«ሰማንያ ሦስት!»
እጮኻለሁ፣ በዚያ ሌሊት፣ በባዶ ፎቅ፣
ማንም ሳይቀጥረኝ መስመር ሆኜ።
«ሰማንያ ስድስት! ያንቺ አለፈ!»
ዝም።
ቀጥሎ፦ «የግንበኛውስ?»
«እሱማ ቀድሞሻል!»

ሊፍቱ ተከፈተ። ተዘጋ።
ዘጠና አንድን ለግድግዳው ነገርኩት።
ባልዲውን በር ላይ ረስታዋለች፤
ሄጄ አመጣሁና ከኤሲው ሥር መለስኩት፤
ባዶ ባልዲ ላይ
የመጀመሪያዋ ጠብታ ከሁሉም በላይ ትጮኻለች።