«ሌላ» የሚለው ሳጥን

ነሐሴ ነው፣ ደማም። ባሕሩ እንደ ድስት
ክዳኑን ገጥሞ ሲፈላ ሌሊት፣
የሦስተኛው ፎቅ መስኮት በላቡ ታውሮ፣
እኔ ተረኛ ነርስ፣ ዓይኔ ስክሪን ላይ አድሮ።

አዲስ መሣሪያ አለን፣ ዘንድሮ የገባ፤
ማን እንደሚጸናበት ትኩሳት ሲጋባ
አስቀድሞ የሚናገር፣ ያውም በመቶኛ፦
ዕድሜ? ስኳር? ኩላሊት? ስንት ቀን ተኛ?
ይሄም ጠንቋይ ነው አልኩ፣ ገብስማ የማይጠይቅ፣
ከሰው ደም ላይ ብቻ ነገን አንብቦ የሚያውቅ።

ግን አንዴ አሳፈረኝ። ሸፊቁል የሚሉት
የፎቅ መስታወት ጠራጊ፣ ሳቂታ ወጣት፣
ፓናዶል ብቻ ፈልጎ መጥቶ፣ «ሂድ» ልለው ስል
ቀዩ መብራት በራ፤ ሰባ ሁለት ይላል።
ማታውን ትንፋሽ አጥሮት በኦክስጅን አደረ፤
ዳነ።
ምላሴን ነከስኩ፤ ፌዜም እዚያው ቀረ።

ዛሬ ግን ሁለት ሰው።
ወረርሽኙ አጣቦን፣ አዳራሹ አንድ ሆኖ፣
ወንድና ሴቱ በመጋረጃ ብቻ ተሸፍኖ፣
አቡ ጃሲም በቀኝ፤ ሰማንያ ዓመቱ፣
ከነዱላው የገባ፣ ከነመድኃኒቱ፤
ልብ፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ሁሉም ተመዝግቦ
ስክሪኑ ቀላበት ነጥብ አሰባስቦ፦
ሰማንያ ስምንት።

በግራ ረውዳ፤ የከሚሴ ልጅ፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ፤
የማዳሟ ሾፌር በር ላይ ጥሏት ሄደ፤ አንድ ፌስታል ነው ሀብቷ።
ስኳር የላት፣ ልቧ ደህና፣ ታማ አታውቅም፤
አረንጓዴ። አሥራ አንድ። የሚያሰጋት የለም።

«እህቴ፣ ካሳልኩ ወር ከሳምንት ሆኖኛል፤
ትራሴን ነክሼ ነው፤ ማዳም ከሰማች ማን ያቆየኛል?
የአባቴ በሬ ተሽጦ ነው...» አለችና ተወችው።
የምትተኛው ዕቃ ቤት፣ መስኮት አልወጣለት፣
የክሎሪን ጀሪካን የተደረደረበት።
ሚዛን ላይ ቆመች፤ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ከነጫማዋ።
ይሄን ጻፍኩ፤ ቦታ አለው።
ዕቃ ቤቱስ? ትራሱስ? የበሬው ዕዳዋ?

ግርጌ ላይ «ሌላ» የምትል አንዲት ሳጥን አለች፣
አርባ ፊደል ብቻ የምትቀበል ነች።
ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፤ ሰው በአርባ ፊደል ይገባል?
«መስኮት የለም። ፈርታ ሳሏን ውጣለች።»
ተጫንኩት። አሥራ አንድ ይላል።
ያቺን ሳጥን አያነባትም። ለወጉ ያኖሯት ነች።

ዶክተር ፈህሚ አለፈ፤ «ቁጥሯ ዝቅ ያለ ነው፣ ተዪያት።»
«እሺ» አልኩ፤ አልጋዋን ወደ ወንበሬ ጎተትኩላት።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ፣ ሌላ ጠርቶኝ ሄጄ፣
ዱላ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ ከማዶ፦
«ያ ቢንቲ! የዚያች ልጅ ትንፋሿ አጠረ፣ አልቆ ሊሄድ ነው ነጉዶ!»

አባቱ ዕንቁ ጠላቂ ነበር። እሱ በስምንት ዓመቱ
ጀልባ ላይ ገመድ ይዞ፣ ከታች ውኃ ውስጥ ላለ አባቱ
ትንፋሽ ይቆጥር ነበር፤
መቼ ስቦ እንደሚያወጣው ከዚያ ወዲህ አይጠፋውም።
ቀይ የተባለው ሰው ላረንጓዴዋ አልተኛም።

ጭምብሉን ስገጥምላት ስክሪኑ ነቃ፤ አሥራ ዘጠኝ፣
አርባ፣ ስልሳ ሦስት።
«ደርሻለሁ» ይመስላል። እኔም አልተጣላሁት።

ረውዳ ዓይኗን ከደነች። ገና ነው፤ አልነጋም።
ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ድምፅ አይዝልም፦
ዋሂድ... ኢትኔን... ተላታ...
ገመዱን እንደያዘ።