ቀጭን ጌታ

ሁለት ዓመት ሙሉ እቁብ ጥዬ ጥዬ፣
ዕጣው ስንት ዙር አልፎ «ደረሰሽ» ተብዬ፣
ገዛሁት ላፕቶፑን፣ ይሄን ቀጭን ጌታ፣
ለክንድ የማይከብድ፣ ለሥራ የበረታ።

ጦይባ በመዳፏ ይዛ ብትመዝነው፣
«ባዶ ነው ልበል?» አለች፣ «ሽፋኑ ብቻ ነው?»
ሒሳብ ክፍሉም፣ ሹሙም፣ ተራ በተራ አነሱት፣
እንደ አራስ ልጅ አቅፈው፣ መርቀው መለሱት።

ደሴ ላይ ጨዋ ነው።
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስኮቴ ላይ ሲተኛ፣
ሌሊት ስከፍተው ዝም፤ ቁጥብ፣ ለዘብተኛ።
ጭኔ ላይ አድርጌው ሐረጎን ስንወርድ፣ ጥምዝ በጥምዝ ላይ፣
ጆሮዬ ሲደፈን፣ ሹራቤን ሳወልቅ ከላይ፣
እሱም ያወልቃል መሰለኝ ያንን ጨዋነቱን።

አራት ሰዓት ሲሆን፣ ኮምቦልቻ ቢሮ፣
ከፈትል አዳራሹ አናት ላይ ተወጥሮ፣
ያ ጭምት ሰውዬ ጠባዩ ተቀይሮ፣
ይጮሃል፣ ያጓራል፣ መዳፌን ያቃጥላል፤
አንድ መስመር ስስል ጠቋሚው ይቆማል፣
እንደ ጭነት በቅሎ
ዳገቱ መሀል ላይ ቆሞ ያስባል።

መካሪ አላጣሁም።
የኮምፒውተር ክፍሉ አያልቅበት «ሶፍትዌር ነው» አለኝ፣
ደምስሶ እንደ አዲስ ሊጭን ሌሊቱን አስመሸኝ፣
ሰማንያ ሰባት ፐርሰንት ላይ መብራት ሄደ፤ ጣለኝ።
ጦይባ የአምቦ ውሃ ቆርኪ ከሥሩ አስቀመጠች፣
አራት ቆርኪ፣ አራት እግር፤ «ይተንፍስበት» አለች።
(እሱስ ትንሽ ረዳ።)
ዘበኛው «ቆላው ነው» አለ፣ «የደሴ ልጅ ሆኖ
እንዴት ይስማማዋል?» ከልቡ አዝኖ።
ቻርጀር ለወጥኩ። አዘመንኩት። አጠፋሁ፣ አበራሁ።
አንድ ቀን በንዴት፣ ይቅር ይበለኝ፣ ጀርባውን በጥፊ መታሁ።

ፒያሳ፣ ከደረጃ ሥር፣ ይማም የሚባል ልጅ፣
ሱቁ ከአንድ ሰው ጥላ እምብዛም የማይሰፋ ደጅ፣
ወረቀት ላይ ሣጥን ስሎ፣ አሥሩን ብሎን በተራ
እንደ ገበጣ ጠጠር አኖረው በየሥፍራ።
ጀርባውን ገለጠ።
ዝም አለ።
በወረንጦ ጫፍ ይዞ፣ ቀስ አድርጎ ሲጎትት፣
ወጣ ግራጫ ብርድ ልብስ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ስፋት።
«ፍራሽ ትሰፊበታለሽ?» አለኝ እየሳቀ፣
ቀና ብሎ ደግሞ፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጠየቀ፦
«የት ነው የምትሠሪው?»

ይቺን ጥያቄ አውቃታለሁ።

ቦሩ ሜዳ፣ ሐኪሙ፣ የአባቴን ደረት ፎቶ
ለመስኮቱ ብርሃን ዘረጋው አንስቶ።
«ሲጋራ ያጨሳሉ?»
«አልነካሁም» አለ።
«የት ነው የሚሠሩት?»
ሳሉ ቀደመውና አንገቱን አዘነበለ።
ሃያ ስድስት ዓመት፣ ባዘቶ ክፍል ውስጥ፣
እንደ ጉም እየበነነ ሲገባው ያ ጥጥ፣
አገር ከላይ ለበሰ፤
እሱ ከውስጥ ለበሰ።
ደረቱ ላይ ብሎን የለ፣ የሚፈታው ይማም የለ።

ሲያርፍ እዚያው ተቀጠርኩ፣ ያው ግቢ ተመልሼ፤
«የኔ ፎቅ ላይ ነው» ብዬ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ።

ይማም ጠረገው፣ ነጭ ቅባት ቀባው፣ ገጠመው።
አንድ ብሎን ተረፈ። «ግድ የለም» አለ፣ «ይሠራል።»
እውነቱን ነው። ኮምቦልቻም፣ አራት ሰዓትም፣ ዝም ብሎ ይሠራል።
ያቺን ግራጫ ጥጥ ግን በወረቀት ጠቅልዬ ያዝኳት፣
ሐረጎ ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ በሁለት ጣቴ አሸኋት፤
«ቀጭን ፈታይ» የሚያሰኝ ሙያ ባይኖረኝም፣
ክር ሆነች፤ አጭር፣ ቆሻሻ፤ ግን አልተበጠሰችም።

ዛሬ ፕላኑ ላይ፣ በባዘቶ ክፍሉ ግድግዳ፣
የአየር መሳቢያ ሳልኩ፣ ያንን ጉም የሚቀዳ።
ቀትር ላይ ከበላይ ቀጭን ትዕዛዝ መጣ፦
«በጀት የለም። ቧንቧው ከፕላኑ ይውጣ።»

ጣቴ መሰረዣው ላይ ቆየ።
ቀጭኑ ጌታ ቆርኪዎቹ ላይ ሆኖ በቀስታ ይተነፍሳል፤
ከወለሉ በታች፣ ከማሽኖቹ መሀል፣
አንድ ሰው ያስላል።