ያልተጀመረ

ማክሰኞ ማክሰኞ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ሊፍቱ የታመመ፣ ደረጃው የሰማይ፣
የግንባታ ፈቃድ ከሚሰጥበት ቤት
ደብተሬን ይዤ ነው የምደርስ በጠዋት።

«ምን ፈለግህ?» አይሉም፤ ለምደውኛል በቃ።
ሻሽቱ መዝገቡን ታወርደዋለች፣ አቧራው ሲነቃ፤
«ስማ» ትለኛለች፣ «ገጽ አትግለጥ በምራቅ!»
እኔም ጣቴን ጠርጌ፣ ስጠነቀቅ፣ ስጠነቀቅ።

ሰው ጋዜጣ ያነባል፤ እኔ የማነበው
ማን የት ምን ሊሠራ ፈቃድ እንዳለው።
ጂ ፕላስ አራት፣ ጂ ፕላስ ሰባት፣
አጥር፣ የጣሪያ እድሳት፣
መሹዋለኪያ፣ ለገሃር፣ ካዛንቺስ ጀርባ፣
መሠረት ያልወጣ፣ ፌሮ ያልገባ።
ፈቃድ በወጣለት በስምንተኛው ወር
ብሎኬቱ ያልቃል፤ ያኔ ነው የኔ ነገር፦
ጂፕሰም፣ ሴራሚክ፣ የመስኮት አሉሚኒየም።
ቀድሞ ላልደወለ የሚጠብቅ የለም።

ደላላው ለአንድ ስልክ አሥር በመቶ ይላል፤
መዝገብ ግን ኮሚሽን መች ጠይቆ ያውቃል?
ደረጃ ስምንት ነኝ። አንድ ድሪል፣ አንድ መሰላል፤
ሰኞ ሰኞ «ምን አለ?» እያለ ስድስት ሰው ይደውላል።

ዛሬ አንድ መስመር ላይ እርሳሴ ተገታ።
ተካበ ወልደሰንበት። በቅሎ ቤት። መቶ ስድሳ ካሬ ቦታ።
ጂ ፕላስ ሁለት። ቀኑ ከሁለት ዓመት በላይ፤
«ሁኔታ» በሚለው ሥር «ያልተጀመረ»፣ በቀይ።

ያልተጀመረ ማለት፣ እንደኔ ላለ አዳኝ፣
ቀፎው የሞላ ዛፍ ነው፣ ማንም ያልቀደመኝ።
ወይ ብር አጥሮታል፣ ወይ ብረት እስኪረክስ ይጠብቃል፣
ወይ ከሠራተኛው ተጣልቷል፤ የተጣላ ሰው ሌላ ይፈልጋል።

ከኮፒ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ደወልኩ።
አንዴ ጠራ። ሁለቴ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።
«አቶ ተካበ ነዎት?» አልኩኝ ተለሳልሼ፣
ያሰብኩትን ዋጋ በሆዴ ቀንሼ።

«ልጃቸው ነኝ» አለች፤ «እሳቸው አርፈዋል።»
ከኋላዋ የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል።
ነፍስ ይማር አልኩ። ይቅርታ አልኩ። ልዘጋው ስል፣
«ስልኩን ከየት አገኘኸው?» አለች፣ በቀስታ ቃል።
እውነቱን ነገርኳት፦ ከመዝገብ፣ ሥራ ስፈልግ፤
ትቆጣለች ብዬ ጆሮዬን ስሸሽግ፣

«እንዴ!» አለች፣ «አባባ ፈቃድ አውጥቶ ነበር?
ጭቃው ሲረግፍ ይደር፣ ጣሪያው ሲያፈስ ይደር፣
ባልዲ ሲያዟዙር ነው እኔ የማውቀው።
አንብብልኝ እስኪ፤ ስንት ክፍል ነው የጠየቀው?»

ሻሽቱን ለመንኳት። «አይፈቀድም!» አለች፣
አለችና ደግሞ ፋይሉን አወጣች።
አሥራ ሁለት ገጽ ፕላን፣ ጠርዙን የበላው ብል፤
ምድር ቤቱ ሁለት ሱቅ፣ «የሚከራይ» የሚል፤
አንደኛው ፎቅ ሳሎን፣ ማድ ቤት፣ የሱ መኝታ፤
ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ምሥራቅ ጥግ፣ ትንሽ ቦታ፣
በአርክቴክቱ ፊደል ሳይሆን፣ በእርሳስ፣ በአዛውንት እጅ፣
«የወለላ» ይላል፣ «ፀሐይ እንዲገባት» እንጂ
ሌላ ምንም የለም።
                    እንዳለ አነበብኩላት።
መልስ ስትዘገይ ኔትወርክ መሰለኝ፤ «ሃሎ?» አልኳት።
«አለሁ» አለች። «ወለላ እኔ ነኝ።»
በካሬ ዋጋ መጥራት ነው የለመድኩት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝ።

ከሰዓት በቅሎ ቤት ሄድኩ። ሻይ ጠጣሁ። ቤቱን ዞርኩት።
ሜትሬን ከኪሴ አውጥቼ፣ አፍሬ መለስኩት።
«የፎቅ ብር የለኝም» አለች፣ «አትድከም በከንቱ፤
አንድ መስኮት ግን፣ በዚህ በምሥራቁ በኩል፣ በስንቱ?»
ግድግዳውን በጉልበቴ ገፋሁት፤ ይችላል፣ አይፈርስም።
ዋጋ ነገርኳት። ራሴው ቀነስኩት። እሷ አልተከራከረችም።

በሌላው ማክሰኞ ያው ፎቅ፣ ያው ሻሽቱ፣ ያው አቧራው።
ከ«ያልተጀመረ» ላይ «ያል» የምትለዋን ልፍቃት ብዬ ሳስበው፣
ላጲሴን ከእጄ ነጠቀችኝ፦ «አብደሃል? ተው!
መስኮት አይቆጠርም። እሱ እድሳት ነው፣ ፎርሙም ሌላ ነው።
ይልቅ ገጽ ግለጥ፤ ትናንት የገባ አለ፣ ካዛንቺስ፣ ጂ ፕላስ ዘጠኝ።»
ስልኩን ጻፍኩት።
ጥፍሬ ሥር የበቅሎ ቤት ጭቃ ነበረብኝ።