የግንቡ ታዳሚ

በሰኔ አጋማሽ፣ ሼትላንድ ደሴት ላይ፣
ሌሊቱን መጨለም ይረሳዋል ሰማይ።
እኛም ቤት መግባቱን ረስተናል አብረን፣
አራት ሰው፣ አንድ ጀልባ፣ መሣሪያ ተሸክመን።

ኦስላ ቀን ቀን ነርስ ናት፣ መርፌ የምትወጋ፣
ማታ ከቫዮሊን ጋር ቁጭ ብላ የምታወጋ።
ጊቢ ቧንቧ ሠሪ፣ ጣቱ ዝገት ያዘለ፣
ባንጆው ሲንጠባጠብ ዝናብ የመሰለ፤
"ያፈሳል" ስንለው፣ "ልጠግነው?" እያለ።
እኔ የሒሳብ መምህር፣ ቆርቆሮ ዋሽንት ያለኝ፤
ቤት ውስጥ የነፋሁ ቀን
"ድመትህ ጓዟን ጠቅልላለች" ብሎ ጎረቤት ነገረኝ።

ራዝሚስ?
ራዝሚ የጀልባ ትኬት ቆራጭ ነው በቀን፤
ማታ ማታ ደግሞ፣ ይሰውረንና፣ አኮርዲዮን።
ከጨረታ ገዝቶት፣ ሆዱ የተቀደደ፣
በብስክሌት ጎማ ልጥፍ የታገደ፤
ሲስቡት የሚያስል፣ ሲገፉት የሚያጓራ፣
አንዱን ዜማ ጀምሮ ሌላውን የሚያወራ።
"ሳንባ ነቀርሳ ነው" ትላለች ኦስላ፣
"ሐኪም ቤት ይተኛ፤ እንጫወት በኋላ።"
"አይደለም፣ ቧንቧው ነው የተዘጋበት" ይላል ጊቢ፣
"መዶሻ አለኝ ጀልባው ላይ፣ አንዴ ልበልበት።"
ራዝሚ ግን ይስቃል። "ጆሮ እኮ" ይለናል፣
"ለባለቤቱ ባዳ ነው፤
የእናንተስ ለማን ዘመድ ይሆናል?"

ደንብ አለን፣ ያልተጻፈ። ዜማ ስንጫወት
ወፍ ከጮኸ፣ ማቆም፤ በስሙ መጥራት።
የተሳሳተ ሰው ሳንድዊቹን ይከፍላል፤
በዚህ ደንብ ምክንያት ጊቢ ሁሌ ይጦማል።
አንዴ "ዳክዬ ነው!" ብሎ የማለው
የኦስላ ስልክ ነበር፣ ኪሷ ውስጥ የጮኸው።

ያን ማታ አቆስጣ፣ ጢሙን አርጥቦ፣
ቫዮሊን ሲሰማ ቋጥኝ ላይ መጣ ተስቦ።
የእኔን ዋሽንት ሰማ፤ ራሱን ነቀነቀ፤
ራዝሚ ሲጀምር ግን እዚያው ውሃ ጠለቀ።
"አየህ?" አልነው። "አየሁ፤ ዓሣ አምሮት ነው" አለ።
አንገቱን ግን ደፋ።
መቅዘፊያውን ተቀብሎን ዝም ብሎ ቀዘፈ።

ለዜማ ብቻ አልነበረም የሄድነው፤ ቆጠራ ነበረን።
ከደሴቷ ማዶ፣ ከዘመናት በፊት የቆመ
ክብ የድንጋይ ግንብ፣ ያለ ጭቃ የተገጠመ፤
በየስንጥቁ ውስጥ የማዕበል ወፍ አለች፣
እፍኝ የማትሞላ፣ ቀን ባሕር ላይ የዋለች፣
ሰው ሁሉ ሲተኛ ሾልካ የምትመለስ፣
እንቁላሏን ታቅፋ ድንጋይ ውስጥ የምትተነፍስ።
ድምፅ ታሰማታለህ፤ ካለች ትመልሳለች፤
አንድ መልስ፣ አንድ ጎጆ፤ ደብተር ላይ ትሰፍራለች።

ኦስላ በቫዮሊን ጠራች። ድንጋዩ ዝም።
እኔ ነፋሁ። ዝም።
ጊቢ ባንጆ መታ፤
ዝምታ እንኳ ሸሸ፣ ለቀቀ ያን ቦታ።

ራዝሚ አልሞከረም። ከትከሻው ሊያወርደው
ሲል ማሰሪያው ተፈታ፤ ሆዱን ክብደቱ ጎተተው፤
በዚያች በልጥፏ ሥር፣ በተቀደደችው፣
ኽርርርር… አለ።

ግንቡም፦ ኽርርርር።
ከጉልበታችን አጠገብ። ኽርርርር።
ከላይም። ከግራም። ከኋላችን። አሥር።
ሃያ። ደብተሩን የያዘው እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ድንጋይ ሁሉ በአንዴ መተንፈስ መረጠ።

ማንም አልሳቀም። ራዝሚ አፉን ከፍቶ ቀረ።
"ድገመው" አለ ጊቢ፣ በሹክሹክታ፣ እየተንተባተበ።
"ሳንባ ነቀርሳውስ?" አለ ራዝሚ።
"እንዳይድን!" አለች ኦስላ። "አንድ ቀን እንኳ እንዳይድን!"

መቶ አርባ ሁለት መልስ።
"በምን ተቆጠረ?" በሚለው ዓምድ ሥር
እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ በአኮርዲዮን፣ በቀዳዳው በኩል።

ስንመለስ ሰማዩ ወተት መስሎ ነበር።
የወፏን ስም ማንም አልተሳሳተም፤ ቅጣት አልነበረም፤
እንዲያው ግን፣ ሳንነጋገር፣ ሳንድዊቻችንን
ራዝሚ ጭን ላይ ደረደርን።
አያቸው። አንዱን አንስቶ፣ ቺዝ የበዛበትን፣
ለጊቢ ሰጠው።
ጊቢ ፈሰከ።