የሚዛን ድንጋይ

ውሏ ሊያልቅ ነው፤ አራት ቀን ነው የቀራት፣
ኖይ ወረቀት ይዛ መጣች በምሳ ሰዓት፤
አሥራ ስድስት ስም፣ በማላነበው ፊደል፣
መስመር ይዞ የሄደ፣ ቀጭን እንደ ፈትል።
“እናቴ፣ እህቶቼ፣ ያክስቴ ልጆች፣
ዓሣ ሻጯ ጎረቤት፣ ሁለት ጀልባ ቀዛፊዎች።
ቤታችን ሜኮንግ ዳር ነው፤ ክረምት በጠና ጊዜ
ውሃው ደረጃ ቆጥሮ ይወጣል፣ እንደ ሚዜ።
ባዶ እጄን አልገባም። ማስታወሻ ልግዛ።”

ማስታወሻ።
ለኔ ማስታወሻ ማለት ያ ደብተር ነበረ፣
ስንት ክር እንደ ወጣ፣ ስንት ቁልፍ እንደ ቀረ
የምጽፍበት። ባቲም ስወርድ ለቅቤ ነው፣ ለጨው፤
ለትዝታ ብሎ ገንዘብ ማን አባቱ አወጣው?

ሰኞ ማለዳ ከኮምቦልቻ ሚኒባስ ተሳፍረን፣
ጠመዝማዛውን ቁልቁል፣ ሙቀት እየተቀበለን፣
ወረድን። ግመል፣ አቧራ፣ የቅቤ ሽታ፣ ጫጫታ፤
ኖይን ያየ ዋጋ ሁሉ እጥፍ አደገ ባንድ አፍታ።

አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ፤ ኃጢአቴን ልናገር፦
ለሻጩም ለሷም ዋሸሁ፣ ጠብ እንዳይፈጠር።
እሱ “ይቺ ብር ታትማለች” ሲል፣ “መልክሽን አደነቀ” ብዬ፤
እሷ “ይሄ ዘራፊ ነው” ስትል፣ “እጁ ይባረክ አለች” ብዬ፤
ሁለቱ ተሳሳቁ። እኔን ብቻ አላበኝ።

ጦይባ ይመር፣ ከላስቲክ ጥላዋ ስር፣
ሻርፕ ዘረጋች፣ ጫፉ የሚያብረቀርቅ በክር፤
“ወላሂ ከባሕር ማዶ ነው! እዚህ አገር አይገኝም!”
ኖይ ጥጉን ገልጣ ምልክቱን አየች፤ ሳቋን መያዝ አልቻለችም፤
“እኛ ሰፈር ነው የተሠራው! ድልድዩን አልፎ፣ በስተግራ!”
ነገርኳት። ጦይባ ሳትደነግጥ፣ ሳታፍር፣ ሳትፈራ፣
“ታዲያ የቱ ጋ ዋሸሁ? ባሕር ማዶ ነው አልኩሽ!
ይኸው ካገሯ መጥቶ፣ እዚህ ጠበቃት በይልኝ እባክሽ።”

ስድስት ሰዓት ሆነ። ፌስታሉ ባዶ።
ቢላው አውሮፕላን አይሳፈር፣ ቅቤው መንገድ ይቀልጣል፤
ዶቃው ፕላስቲክ ነው፣ ሰፌዱ ሻንጣ ይበልጣል።

በሽምብራ ተራ ጫፍ ላይ አባ ሙዘይን ተቀምጠዋል፤
ሁለት ጣሳ በገመድ ያንጠለጠለ ሚዛን ይዘዋል፤
ባንዱ ሽምብራ፣ ባንዱ ጥቁር ድንጋይ፣ ጭብጥ የሚሞላ ያህል፣
ከመዳበስ ብዛት የሚያበራ፣ ወፍ የጣለችው የሚመስል።

ኖይ ቁጢጥ አለች። በሁለት እጇ አነሳችው።
“ይሄ ስንት ነው?”
“ሽምብራው?”
“ድንጋዩ።”
ገበያው ዝም ያለ መሰለኝ። (አላለም፤ ግመሎቹ ይጮኹ ነበር።)
አባ ሙዘይን አዩኝ፣ ተርጉሜ የሳትኩ መስሏቸው፤
ደገምኩት። አልሳቁም። ቀስ ብለው ከእጇ ወስደው፣
“ይሄ ግማሽ ኪሎ ነው ልጄ፣ ከአባቴ የወረስኩት፤
ብሸጠው፣ ነገ ሽምብራ ሊገዛ ለሚመጣ በምን ልማልለት?”

ያን ቀን እሱን ብቻ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ።

“ወንዝ አላችሁ?” አሏት። “አለን። ትልቅ።”
“እንግዲያው ወንዝ የሚያውቅ ሰው ድንጋይ በገንዘብ አይገዛም፤
አባቴ ከቦርከና ሲያነሳው፣ ወንዙ ዋጋ አልጠየቀም።
ሂጂና ወንድሙን ፈልጊ።”

ማታ ኮምቦልቻ፣ ከድልድዩ ስር፣ ሱሪያችንን ሰብስበን፣
የፋብሪካው መብራት ሲሰባበር፣ እስከ ጉልበት ውሃ ገብተን፣
ኖይ ስም ትጠራለች፣ ለየስሙ ድንጋይ ትመርጣለች፤
ለዓሣ ሻጯ ጠፍጣፋ። ለእናቷ አንዱን ጥላ ሌላ ታነሳለች፤
“ይሄ ይከብዳል፤ እናቴ ቀላል ናት” ትላለች።

ሻንጣው ሦስት ኪሎ በለጠ። ጫማዋን አውጥታ ሰጠችኝ፤
ቁጥሩ ሠላሳ አምስት፤ አውራ ጣቴን እንኳ አልበቃኝ።
አኑሬዋለሁ ግምጃ ቤት፣ ከደብተሩ ጎን፣ መደርደሪያ ላይ፤
ገቢ ይሁን ወጪ፣ የቱ ዓምድ እንደሚገባ እስካይ።

በሳምንቱ ሰኞ ሽምብራ ልገዛ ባቲ ወረድኩ፤
“አገኘችለት ወይ ወንድሙን?” “አሥራ ስድስት ወንድም” አልኩ።
አባ ሙዘይን ጥቁሩን ድንጋይ ጣሳው ላይ አኖሩ፤
“እንግዲህ ቦርከና በዚያ ልክ ቀልሏል” ብለው መስፈር ጀመሩ።
ሚዛኑ ረጋ። ከላይ አንድ እፍኝ ጣል አደረጉ፤
ምርቃት ነው አሉ። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩ።