በሩ ላይ ያለው ቀበሮ

እኔ ሙሄ ይማም፣ የፓርክ በር ጠባቂ፣
ቀን ትኬት ቆራጭ ነኝ፣ ማታ እሳት ሟቂ።
«ሆድ ካገር ይሰፋል» ይሉኛል፣ ይሁና፤
የኔ ግን ጠበበ፣ ብሮሹሩን አየና።

ከደሴ የመጣ ብርቅርቅ ወረቀት፤
ድህነት ያስረሳል፣ እንኳንስና ርቀት።
ጸሐፊው ልጅ ጨዋ፣ ኑርሁሴን ይባላል፤
እዚህ መጥቶ አያውቅም፣ ብርድ ያመኛል ይላል።

«ይምጡ፣ ወሎን ይተንፍሱ!» ነው የሚል ርዕሱ፤
ዳገቱን ሲጀምሩ ይጠፋል ትንፋሽ ራሱ።
ሽፋኑ ላይ ፏፏቴ ነጭ ሆኖ ይወርዳል፤
በነሐሴ ካልመጡ እሱም ቤቱ ይሄዳል።

«ከደሴ ተነስቶ ሁለት ሰዓት ብቻ።»
ልክ ነው፤ ለጭልፊት፣ ለዚያውም ለብቻ።
በሰው መኪና ግን፣ ካቀስታ በኋላ፣
ሾፌሩ ዱዓ ይዟል፣ የሚገፋው ሌላ።

«ባለ አራት ኮከብ ሎጅ፣ ከደመና በላይ!»
ኮከቡስ አእላፍ ነው፣ ጣራ የለው ከላይ።
የመሠረት ድንጋይ ሦስት ጊዜ ተጣለ፤
ሦስት ሰንጋ ታርዶ፣ ድንጋዩ ግን አለ።
ጧት ጭላዳ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቅበታል፤
ከደንበኞቻችን እሱ ብቻ ረክቷል።

«ሻወራችን ሙቅ ነው፣ ቀንም ሆነ ማታ»፤
በርሜሉ ላይ ያለው በረዶ ሲፈታ።
«ኔትወርክ በየስፍራው!» እሱስ አለ አይደል፣
አንድ እግርን አንስተው ከቆሙ ከገደል።
«እጅ ያልነካው ምድር!» እዚህ ላይስ አልዋሹም፤
ከበጀቱ በቀር ምን ነክቶ ያውቃል ሹም?
«ዐሥራ ሦስት ብርቅዬ» ብለው የቆጠሩት፣
የኃላፊውን በቅሎ ነው ደርበው የደመሩት።

ገጽ ሰባት ላይ አለሁ፣ ጥርሴ ሁሉ ወጥቶ፣
«ደስተኛው ነዋሪ» የሚል ስም ተሰጥቶ።
ያን ቀን የሳቅኩበት ምክንያቱ ሌላ ነው፤
የሦስት ወር ውዝፌ ገባ ብለውኝ ነው።
(አልገባም።)

በሩ ላይ ያለውስ ቀበሮ አይደለም፤
የውሻ ነው መልኩ፣ የሸክላ ነው ቀለም።
ኮምቦልቻ ያለው ሰዓሊው አሊጋዝ
ደጁ የተኛ ውሻ፣ ቀለም አቅጥኖ በጋዝ፣
ስሎ ላከ በአይሱዙ፤ ሁለት ክረምት ዘንቦ
ጅራቱ ሄደበት በጠፈጠፍ ታጥቦ።

ባለፈው መስከረም፣ ከሩቅ አገር መጥቶ፣
አንድ ሽማግሌ ካሜራ አንግቶ
ሦስት ቀን አደረ ጓሳ ውስጥ ተኝቶ።
«ቀበሮ?» ይለኛል፤ «አብሽር፣ ነገ» እላለሁ።
«ነገ?» ይለኛል፤ «ኢንሻአላህ» እላለሁ።
ብሮሹሩ ላይ ቢጻፍ ይህችው አንዲት ቃል፣
እኔን ካፍረት ለማውጣት እሷ ትበቃል።
ባራተኛው ሄደ፤ ጃኬቱን ተወልኝ፤
«ውሻችሁ ያምራል» ሲል መዝገብ ላይ ጻፈልኝ።

በማግሥቱ ማለዳ፣ ጉም ሳይለቅ ከጓሳው፣
መጣ እሱ ራሱ፣ ያ ሁሉን ያሳሳው።
ጠጉሩ እንደ እሳት ነው፣ እግሩ ቀጭን ሸጋ፤
ሳይቸኩል፣ ሳይሳሳት ወደ በሩ ተጠጋ።
አሸተተው ውሻውን፣ ቁልቁል ሽቅብ አይቶ፣
እንደ ኦዲተር ቆሞ፣ ሐሰቱን ለይቶ፣
አንድ እግሩን አነሳ፤ «እንኳን ደህና መጡ»
የምትለዋ መስመር ፊደሎቿ ሰመጡ።

ካሜራ የለኝም። ስልኬም ባትሪ የለው።
ቢኖረኝስ ኖሮ ለማን ነው የማሳየው?
ብናገር ይመጣል ሪባንና መቀስ፣
አራተኛው ድንጋይ፣ ድሮኑም ቀስ በቀስ።
ሪፖርቱን ከፈትኩት፣ ብርዱ ጣቴን ሲያስር፤
«ጉም» ብዬ ጻፍኩበት «የታየ» ከሚል ሥር።
ፈርሜ አኖርኩት፤ መታሁበት ማኅተም።
ይኸው እኔም ዋሸሁ፤ የኔ ግን አይታተም።