መልክአ ቪብከ

በማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ መታጠፊያ፣
ከእሳት ባልዲው በላይ፣ ከኮቱ መስቀያ፣
እድፍ የያዛት የናስ ሰሌዳ አለች፤
«ትያርክ ሉርሰን፣ ሠዓሊ» ትላለች፤
«የመልክአ ምድርና የሰው መልክ» ብላ ትዘጋለች።
የሰባ አንድ ዓመት ሰው በአንድ መስመር ሲያልቅ
ይገርማል፤ ግን ናስም ከዚህ በላይ አያውቅ።

የተወለደው ከኤልበ ዳር ነው፣ ውኃው ከሚሰፋበት፣
ሰማይና ጭቃ ወሰን ከሚያጡበት፤
አባቱ ጀልበኛ፣ ሰው አሻጋሪ፤
እናቱ ቪብከ ሸምበቆ አጫጅ፣ የጣሪያ ክዳን አሳሪ።
ልጁ በከሰል ጀመረ፣ በጀልባው ሆድ ላይ፣
ላም ሲሥል በግ መስሎ፣ በግ ሲሥል ድንጋይ።

ቀለም ያስተማረው የሬሳ ሣጥን ቀቢ፣
ሂንሪክ የሚሉት፣ ጥርሰ ወላቃ፣ ትንባሆ ሳቢ፤
«ጥቁር ብቻውን ጥቁር አይደለም» አለው፤
«ሰማያዊ ጠብ አርግ፤ ያኔ ሞቱን ያምናል ሰው።»

ዱሰልዶርፍ ወርዶ ከሥዕል ቤት ገባ፤
ሁለት ክረምት አንድ ጫማ፣ ምሳው ያለ ሥጋ ሾርባ።
«ተራራ ጨምርበት» አሉት መምህሩ፣
«ሜዳ ብቻ ምንድን ነው? የት አለ ክብሩ?»
እሱ ግን ተራራ አያውቅም፤ ባገሩ
ከፍ ያለ ነገር ቢሉ ግድብ ነው፣ የጎርፍ አጥሩ።

ሜዳ አይሸጥም ኖሯል፤ ፊት መሸጥ ጀመረ፣
ሀምቡርግ ውስጥ ከሳሎን ሳሎን እየዞረ።
የስኳር ጌቶችን፣ የመርከብ ባለቤት፣
ሆዳቸውን በጥላ እየቀነሰ፣ በብልሃት፤
የሰዓት ሰንሰለት፣ የወርቅ ቁልፍ በተርታ፣
አገጭ ከሦስት ወደ አንድ፣ በብሩሽ ይቅርታ።
ሚስቱ ሄድቪግ ሂሳብ ትይዛለች፦
«አንድ አፍንጫ የሁለት ወር ኪራይ» ትላለች፤
«ያንተ ደመና ግን አንድ ዳቦ አልገዛም።»
እውነቷን ነው። እሱም አልተቆጣም።

ሌሊት ግን እሷ ስትተኛ፣ መብራቱን ዝቅ አድርጎ፣
ጭቃማ ሜዳውን ያወጣል፣ ካልጋ ሥር ፈልጎ፤
አንዲት ግራጫ ጭረት፣ ሌላ ግራጫ ደግሞ፣
ይጨምርና ይፍቀዋል፣ ጎህ ሲቀድ፣ ዓይኑ ደክሞ።

የካቲት ላይ ደብዳቤ መጣ፣ ከሰበካው ቄስ፦
«ቪብከ ዐረፈች። መንገዱ በረዶ ነው፤ ብትነሣም አትደርስ።
መሬቱ ደንጊያ ሆኖ ቆፋሪው ሦስት ቀን ፈጀ።»
አጥፎት ቁጭ አለ፤ ራቱ በረደ፣ ሻማው አረጀ።

ያኔ ነው ያወቀ፦ ስንቱን ሲሥል ኖሮ፣
የስንቱን ባለጸጋ ቅንድብ ቆጥሮ፣
የእናቱን ፊት አንድ ቀን አልሣለም፤
«ተቀመጪልኝ» ያላት ቀን የለም፤
እሷም የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም።

ሸራ ወጠረ። ዓይኗ ግራጫ ነው? አረንጓዴ?
አጎንብሳ ነው የሚያውቃት፤ ቀና ብላስ ታውቃለች አንዴ?
ሦስት ጊዜ ጀመረ፤ ሦስቴ የመጣው
የነጋዴ ሚስት ፊት፣ ዱቄት የተቀባው።
በቢላ ፋቀው።

ከዚያ የሚያውቀውን ሣለ፦ ሸምበቆው ግማሹ ታጭዶ፣
ግማሹ ቆሞ፣ ነፋሱ ወደ ግራ አጋድሞት ሄዶ፤
ውኃው ሲሸሽ የሚቀር የጭቃው ሽንትር፣
ከዝቅታው ሰማይ ሥር የሚጠብቅ ምድር፤
ከሩቅ አንድ ጀልባ፣ ሰው የሌለበት፤
በጥቁሩ ውስጥ ጠብታ ሰማያዊ፣ ሽማግሌው እንዳለው ጥንት።

በጸደይ ተሸክሞ ካገሩ አደረሰ፤
ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አስደግፎት ላቡን አበሰ።
መንደርተኛው ወጣ፤ ቆመው አዩት ዝም ብለው፤
ወተት ሻጯ ጌሼ ግን ባልዲዋን አስቀምጣ ጠጋ አለችው፤
እጇን ባፏ ላይ ጫነች።
«ቪብከን!» አለች። «ልጄ፣ እንዴት አስመሰልካት!
እንዲህ ነበር ፊቷ፣ የመጨረሻዋ ጠዋት።»

ከዚያ በኋላም ፊት ሸጠ፤ ኪራይ ከእናት ጋራ አይሞትም፤
የከንቲባ ጢም፣ የዳኛ ካባ፤ ማንም ግን እንዲያ አላለቀሰበትም።
ሲሞት የተገኘው፦ ያልተከፈለ የክፈፍ ዕዳ፣
ሰባት ብሩሽ፣ ነጠላ ካልሲ፣ በሲባጎ የታሰረ ሜዳ።

ናሷን ዳግም አነበብኩ፤ ወደ ቋንቋዬ መለስኳት፦
«መልክአ ምድር — ና — የሰው መልክ»፤ መሐል ላይ አንዲት ፊደል አየኋት።
ሁለቱን ሙያ ልታጣምር የገባች ትመስላለች፤
እኔ ግን ከሸምበቆው መሐል ትሰማኛለች፣
አጎንብሳ፣ ቀና ሳትል፣ ማጭዷን ሳትጥል፣
ልጇን «ና» ስትል።